ስለ ራዳር ጠቋሚ መሣሪያ አመራረጥና አጠቃቀም

ባለፈው ክረምት አጎቴ ወደ ቤታችን መጥተው፣ «አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል፤ የፈረንጁንም ጽሑፍ ታነባለህ፤ እስቲ አብረን መርካቶ እንውረድና ያን የፖሊስ ራዳር ከሩቅ የሚያሰማውን ዕቃ ምረጥልኝ» አሉኝ። አጎቴ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ቃሊቲ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳሉ፤ መኪናው ግን የሌላ ሰው ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ምልክቱ 60 በሚልበት መንገድ ላይ ትራፊክ አስቁሞ በራዳሩ 64 አሳይቷቸዋል። እሳቸው ግን «መርፌዬ ከ60 አላለፈም፤ ራዳሩ ዋሽቷል» ብለው ይምላሉ። ቅጣቱን ከፍለዋል። ባለንብረቱም «ሁለተኛ ብትቀጣ ቍልፌን ታስረክባለህ» ብሏቸዋል። እንግዲህ ነገሩ የአንድ ትንሽ ዕቃ ግዢ ቢመስልም የአምስት ልጆች እንጀራ ነበረበት።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የፊዚክስ ተማሪ አይደለሁም። ዳሩ ግን ከእኛ መካከል አባቱ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ መሪ የማይጨብጥ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከመጻሕፍትና ከሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቼ የተማርኩትን፣ በመርካቶም ያየሁትን ለአንባቢ ባካፍል ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ስሕተት ቢገኝበት ዐዋቂዎች ያርሙኝ።

ሀ) ራዳር ፍጥነትን እንዴት ይለካል?

ራዳር የሚለው ቃል በሬዲዮ ሞገድ አማካይነት የአንድን ነገር መኖርና ርቀት ማወቅን የሚያመለክት የእንግሊዝኛ አሕጽሮት ነው። በ1935 በፈረንጆች አቈጣጠር ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዋትሰን ዋት በእንግሊዝ አገር በዳቨንትሪ አጠገብ አውሮፕላን በሬዲዮ ሞገድ ሊታወቅ እንደሚችል አሳየ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ የኮኔክቲከት ፖሊስ ይህንኑ ጥበብ ለመኪና ፍጥነት መለኪያ አዋለው።

የመለኪያው ምሥጢር ግን ከዚያ ይቀድማል። አምቡላንስ እየጮኸ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። ይህን ሕግ በ1842 የኦስትሪያው ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር ገለጠው። በ1845 ደግሞ ባይስ ባሎት የተባለው የሆላንድ ሊቅ መለከት ነፊዎችን በባቡር ላይ አሳፍሮ በመስማት እውነትነቱን አረጋገጠ። የፖሊስ ራዳርም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በሴኮንድ 24 ቢሊዮን ከ150 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚመጣ መኪና ላይ ነጥሮ ሲመለስ ርግብግቢቱ 2,680 ያህል ጨምሮ ይገኛል። መሣሪያው ይህን ጭማሪ ቈጥሮ ወደ ኪሎ ሜትር ይመልሰዋል። ትክክለኛነቱም የርግብግቢቱ ልክ አስቀድሞ በታወቀ፣ ሹካ በሚመስል የድምፅ መቃኛ ብረት ሊፈተን ይችላል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ እንበል። ቆሞ የሚለካ ፖሊስ ከመንገዱ ዳር ሆኖ በአግድም ቢያነጣጥር፣ ራዳሩ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንጂ አብልጦ አያነብም። ስሕተቱ ለነጂው የሚያደላ ነው። ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው «ታዲያ የእኔ መርፌ ነው የዋሸው?» ብለው ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ለ) ጠቋሚው ምን ይሰማል?

የመርካቶ ነጋዴዎች ዲቴክተር የሚሉት ጠቋሚ የራሱ ሞገድ የሌለው፣ የሌላውን ብቻ የሚሰማ ትንሽ ሬዲዮ ነው። የፖሊሱ ሞገድ መኪናው ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ጊዜ ይደክማል፤ ጠቋሚው ግን የሚሰማው በመሄጃው ላይ ሳለ ስለ ሆነ፣ ፖሊሱ ለመለካት ከሚችልበት ርቀት አስቀድሞ ሊሰማው ይችላል። ጥቅሙ ሁሉ ይህ ነው። ስለዚህም በ2014 በፈረንጆች አቈጣጠር እንደ ተከፈተው እንደ አዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ባለ ገላጣና ቀጥ ያለ ስፍራ፣ ፖሊሱም ራዳሩን ሳያቋርጥ ከፍቶ ከተወው፣ ጠቋሚው አስቀድሞ ይጮኻል።

በከተማ ውስጥ ግን ሦስት ነገሮች ያሰናክሉታል። አንደኛ፣ የሠለጠነ ፖሊስ ራዳሩን ዘግቶ ይጠብቅና መኪናው ሲቀርብ ብቻ ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ጠቋሚው ቢጮኽም መለካቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ ያልቃል፤ የሰው እግር ከነዳጁ ወደ ፍሬኑ ለመዛወር ደግሞ አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ይህን የመሰለ ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ዳገትና ኩርባ አይዞርም፤ የአዲስ አበባ መንገድም ዳገትና ኩርባ ነው። ሦስተኛ፣ በሌዘር የሚለካ መሣሪያ አለ። የራዳር ሞገድ 300 ሜትር ሲርቅ 60 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ የሌዘር ጨረር ግን በዚያው ርቀት ስፋቱ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቋሚው ስለ ሌዘር ሲጮኽ አብዛኛውን ጊዜ «ተለክተሃል» ማለቱ ነው።

ነጂዎቻችን ከዚህ ዕቃ በፊት የራሳቸው ጠቋሚ ነበራቸው። ከፊት የሚመጣው ባልንጀራ መብራቱን ብልጭ ያደርጋል፤ ረዳቱም በመስኮት ወጥቶ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ይህ ዳገትና ኩርባ አያግደውም፤ ባትሪም አይፈልግም።

ሐ) ሲገዛ ምን ይታያል?

አንድ ቅዳሜ ከአጎቴ ጋር ሶማሌ ተራ ገባን። ስፍራው እንደምታውቁት የመኪና ዕቃ ሁሉ የሚገኝበት ነው። አንድ ነጋዴ ሁለት ዓይነት አወጣልንና «ሁለቱም ሁሉንም ይሰማሉ» አለን። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን በተራ እጽፋለሁ።

1. የሞገዱ ዓይነት። የፖሊስ ራዳሮች በዓለም ላይ በአብዛኛው በሦስት የሞገድ ክፍሎች ይሠራሉ። አሮጌው ኤክስ የሚባለው 10.5 ቢሊዮን፣ ኬ የሚባለው 24 ቢሊዮን፣ ኬ ኤ የሚባለው ከ33 እስከ 36 ቢሊዮን ርግብግቢት ያላቸው ናቸው። ኬንና ኬ ኤን የማይሰማ ጠቋሚ ጌጥ ነው። ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ብዛት አትመኑ፤ ፈትኑት። ፈተናውም ቀላል ነው፤ ሰው ሲቀርብ በራሳቸው የሚከፈቱ የባንክና የሆቴል መስታወት በሮች ብዙዎቹ በ24 ቢሊዮኑ ሞገድ ይሠራሉ። ነጋዴውን አስፈቅደን ወደ አንድ ባንክ በር ሄድን። አንደኛው ጠቋሚ ዝም አለ፤ ሁለተኛው ጮኸ።

2. ከንቱ ጩኸት። ሁለተኛው በመጮኹ ደስ ብሎን ስንመለስ በየበሩ ይጮኽ ጀመር። አዳዲስ መኪኖችም ጎናቸውን የሚጠብቁበት ትንሽ ራዳር አላቸው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሞገድ ይሠራል። ዘወትር በከንቱ የሚጮኽን ዕቃ ነጂው ከሳምንት በኋላ አይሰማውም። ስለዚህ ጥሩ ጠቋሚ የሚሰማ ብቻ ሳይሆን የሚለይ ነው፤ የሚለየውም ዋጋው ከፍ ይላል።

3. የኤሌክትሪክ ኀይል። ጠቋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው። ሚኒባስና የቤት መኪና 12 ቮልት ሲሆኑ ብዙ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ናቸው። የጭነት መኪና የሚነዳ ዘመድ ያለው ይህን ሳያይ ቢሰካ ገንዘቡን አቃጠለ ማለት ነው።

4. የካሜራ ዝርዝር። አንዳንዱ ጠቋሚ የካሜራዎችን ስፍራ በሳተላይት ዐውቆ ይናገራል። ዝርዝሩ የተጻፈው ግን ለሌላ አገር ከሆነ፣ ፖሊሱም ራዳሩን በእጁ ይዞ በየቀኑ ስፍራ የሚለውጥ ከሆነ፣ ለዝርዝሩ የሚከፈለው ገንዘብ ከንቱ ነው።

5. ሕጉ። በፈረንሳይ ዕቃውን መያዝ፣ በጀርመን እየነዱ መጠቀም፣ በአሜሪካም በቨርጂኒያ ግዛት መጠቀም ክልክል ነው። በእንግሊዝ ግን በ1998 ፍርድ ቤት መጠቀሙ ወንጀል አይደለም ብሏል። አገር ለአገር ይህን ያህል ስለሚለያይ፣ በእኛ አገር የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የትራፊክ ጽሕፈት ቤትን፣ እንዲሁም በ2019 በፈረንጆች አቈጣጠር በአዋጅ የተቋቋመውን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠይቅ። የነጋዴው «ግድ የለም» ደረሰኝ አይሆንም።

መ) የገዛ ሰው እንዴት ይጠቀምበት?

ጠቋሚው በንፋስ መከላከያው መስታወት ላይ፣ የነጂውን ዓይን በማይጋርድ ስፍራ፣ ግንባሩ ወደ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። መስታወቱ ብረት የተቀላቀለበት ቀለም የተቀባ ከሆነ ሞገዱ አያልፍም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ሲጮኽ ፍሬን አይረገጥም። ከኋላ ያለው መኪና አልሰማም፤ የቆመ ተሳፋሪም አልሰማም። እግርን ከነዳጁ ላይ ማንሣትና መርፌውን ማየት ይበቃል።

ሠ) የዋሸው መርፌ

ዕቃውን ሳንገዛ ልንመለስ ስንል፣ አንድ የጋራዥ ሠራተኛ የአጎቴን ሚኒባስ ጎማ ተመልክቶ «ይህ የዚህ መኪና ነው?» ሲል ጠየቀ። በበሩ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው ወረቀት 195/70 አር 15 ይላል። ጎማው ላይ የተጻፈው ግን 195/80 አር 15 ነበር፤ ባለንብረቱ ርካሽ ያገለገለ ጎማ አግኝቶ አስገጥሞታል።

ማታ ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። የመጀመሪያው ጎማ ከዳር እስከ ዳር 654 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 693 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በመቶ 6 ያህል ይበልጣል። የፍጥነቱ መርፌ የሚቈጥረው የጎማውን መዞር እንጂ መንገዱን አይደለም። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር የበለጠ መንገድ ስለሚበላ፣ መርፌው 60 ሲል መኪናው 64 ያህል ይሮጣል። በማግስቱ ጧት መንገዱ ገና ባዶ ሳለ አጎቴ መርፌውን 60 ላይ አጽንተው ነዱ፤ እኔም በስልኬ በሳተላይት ለካሁ። 63፣ 64፣ 63 አለ። አጎቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «ሰውዬውን በከንቱ ነው የሰደብኩት» አሉ።

አንዳንድ ሰው «ለ4 ኪሎ ሜትር ይህ ሁሉ?» ሊል ይችላል። መልሱ በሒሳብ ይገኛል። መንገዱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደኅና ቢሆን፣ በ40 የሚሮጥ መኪና ነጂው አደጋ ካየበት እስኪቆም 26 ሜትር ያህል፣ በ60 የሚሮጠው 45 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው መንገድ በፍጥነቱ ስኩዌር ልክ ያድጋልና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በመቶ 1 ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ በመቶ 4 ይጨምራል፤ በ65 የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ50 ከተገጨው አራት ተኩል እጥፍ ነው። በ2021 ብቻ በዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። በከተማችን ደግሞ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ከአውቶቡስ ተራ ወጥቶ ወደ ሰፊው መንገድ የሚገባ ነጂ በጀርባው ጆንያ ተሸክሞ፣ ጭነቱ ዓይኑን ጋርዶት የሚሻገረውን ሰው በየቀኑ ያየዋል። ይህን ሰው የሚሰማ ጠቋሚ በሶማሌ ተራ አይሸጥም።

አጎቴ ዕቃውን አልገዙም። ትክክለኛው ጎማ እስኪገዛ ድረስ በመርፌው ሰሌዳ ላይ 56 ዘንድ ነጭ ፕላስተር ለጠፉ፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ እግራቸውን ያነሣሉ። ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ ለባለንብረቱ ወሰድሁለት። መጀመሪያ ተቈጣ፤ ኋላ ግን «ቅጣቱ ከጎማው ዋጋ ሊበልጥ ነው» ብሎ በወሩ መጨረሻ አራቱንም ለወጠ። ቍልፉም ከአጎቴ እጅ አልወጣም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ዘመድ ጠቋሚ እንድትመርጡለት ቢጠይቃችሁ፣ ከላይ የተጻፉትን አምስት ነገሮች ፈትናችሁ ምረጡለት። ከዚያ በፊት ግን የበሩን ወረቀትና የጎማውን ቍጥር አስተያዩ፤ ስልካችሁንም ይዛችሁ ከጎኑ ተቀመጡና መርፌውን ፈትኑት። ይህ ፈተና ምንም አያስከፍልም፤ ከአንድ ሰዓትም አይበልጥም።