«እያስመሰለ ነው» ከማለታችን በፊት

በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለ ምግብ ሳይሆን በየመስጂዱ በርና በየቡናው ላይ ስለሚነሳ አንድ ጉዳይ ነው። ከጦርነት፣ ከእገታ ወይም ከስደት የተረፈ ሰው «እንቅልፍ አጣሁ፣ ያየሁት አልለቀቀኝም» ሲል ከፊሉ ጎረቤት ያዝናል። ከፊሉ ደግሞ «እርዳታ ፈልጎ ነው፣ እያስመሰለ ነው» ይላል። የሚያስመስል ሰው የለም ወይ? አለ፤ እንክደው ብንልም አንችልም። ነገር ግን አስመሳዩን ከታማሚው የምንለይባቸው የሚመስሉን ምልክቶች ብዙውን ጊዜ የተገለበጡ ናቸው።

ነገሩ ለእኛ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ነዋሪዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ2011 ዓ.ም በዞናችን በነበረው ግጭት ብዙ ቤተሰብ ቤቱንና ማሳውን ጥሎ ተፈናቅሏል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በሱዳን ጦርነት ሲጀመር ደግሞ በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የገባውን ሕዝብ አይተናል፤ ሱዳናዊውም፣ እዚያ ለዓመታት ሠርቶ የኖረው የእኛው ሰውም ነበረበት። ለስደተኞቹ የተከፈቱት የኩመርና የአውላላ ጣቢያዎችም ሰላም አላገኙም። በታጣቂዎች ዘረፋና ጥቃት የተማረሩ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በ2016 ዓ.ም ሚያዝያ ወር ውስጥ ከአውላላ በእግራቸው ወጥተዋል፤ አፍጥጥ ላይ ሌላ ጣቢያ የተዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው። በጎንደር መተማ መንገድ ታግቶ፣ ቤተሰቡ ገንዘብ ከፍሎ ያስመለሰው ሰውስ በየትኛው ቀበሌ የለም?

ሐኪሞች ድኅረ-አደጋ ጭንቀት ወይም ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. የሚሉት ሕመም ይህን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ሕመሙ ግን ከስሙ በፊት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር መሠረት ሦስት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። ያለፈው ነገር አሁን እየተፈጸመ እንዳለ ሆኖ በሕልም ወይም በውን ይመላለሳል። ሰውየው ያንን ከሚያስታውሰው ሰው፣ ቦታና ወሬ ይሸሻል። አደጋው አሁንም ደጅ ላይ እንደቆመ ሆኖ ይሰማውና በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል። ይህ ሁሉ ለበርካታ ሳምንታት ቆይቶ ሥራውንና ኑሮውን ካሰናከለበት ነው በሽታ የሚባለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት በብዙ ሰው ላይ ይታያል፤ አብዛኛውንም በራሱ ጊዜ ይለቀዋል።

ቁጥሩንም እንመልከት። በዚሁ ድርጅት ግምት በሕይወት ዘመኑ በዚህ ሕመም የተያዘው የዓለም ሕዝብ 3.9 በመቶ ያህል ነው፤ የጦርነት ግፍ በደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ግን ወደ 15.3 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ ሁለት ነገር ይነግረናል። በጦርነት ውስጥ ያለፈ ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው በአላህ ፈቃድ ያዝናል፣ ይተክዛል፣ ኋላም ይበረታል። በሌላ በኩል ከመቶው አሥራ አምስቱ ጥቂት አይደሉም። ለጁምዓ በተሰለፈው ሶፍ ላይ ቆጥረው ይዩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ዛሬ «ትራውማ» የሚለው ቃል በየአፉ ገብቷል፤ ነጋዴው ሰሊጡ ቢከስርበት፣ ተማሪው ፈተና ቢወድቅ «ትራውማ ያዘኝ» ይላል። ይህ ማጋነን እንጂ ውሸት አይደለም። ሰውየው ማዘኑ እውነት ነው፤ ቃሉን ነው ያለ ቦታው ያዋለው። እንዲህ ያለውን ሰው አስመሳይ ብሎ ማሸማቀቅ ተገቢ አይደለም፤ ታመሃል ብሎ መድኃኒት ማስጀመርም እንዲሁ።

እውነተኛው ማስመሰል ጥቅም ባለበት ይመጣል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ሰዎችን ወደ ሦስተኛ አገር ለማስፈር ከሚያይባቸው ምድቦች አንዱ ከግፍና ከስቃይ የተረፉ ሰዎች ምድብ ነው። እንዲህ ያለ በር ሲኖር «እንዲህ በል፣ እንዲህ አልቅስ» ብሎ የሚያስጠና ደላላ አይጠፋም። የፍርድ ቤት ካሣ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የእርዳታ ምዝገባም እንዲሁ ናቸው። የሕክምና መጻሕፍትም ጥቅም በተነሳበት ቦታ ሁሉ ሐኪሙ ማስመሰል ሊኖር እንደሚችል እንዲያስብ ይመክራሉ። ውሸት በዲናችን ሐራም መሆኑን ማንም አያጣውም፤ የዚህኛው ግን ተጨማሪ ክፋት አለው። የውሸት ታማሚ የያዘውን ተራ እውነተኛው ታማሚ ያጣዋል። ቀጥሎ የሚመጣውም ሰው በጥርጣሬ ይታያል።

ታዲያ ባለሙያው እንዴት ይለያል?

ብዙ ሰው የሚያለቅሰውንና አብዝቶ የሚናገረውን ታማሚ፣ ዝም ብሎ የሚሠራውን ጤነኛ ያደርገዋል። በዚህ ሕመም ግን ነገሩ ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው። መሸሽ የበሽታው አንዱ አካል ስለሆነ እውነተኛው ታማሚ ስለዚያ ቀን መናገር አይወድም። ሲጠየቅ ወሬ ይለውጣል፤ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይነሳል። ራሱንም ይወቅሳል። ስለዚህ ሠልጣኙ ሐኪም «ሕልም ያስቸግርሃል? ትደነግጣለህ?» እያለ መልሱን በአፉ አያጎርሰውም፤ «ማታህ እንዴት ያልፋል? ስትነሳ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ሰውየው በራሱ ቃል እንዲናገር ይተወዋል። የተጠና ታሪክ ለተጠየቀው ሁሉ «አዎ» ይላል፣ ሕልሙም በየሌሊቱ አንድ ዓይነት ይሆናል። ያም ሆኖ አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ሐኪሙ የቤተሰብን ቃልና የቀድሞውን ኑሮ አገናዝቦ፣ ደጋግሞ አይቶ ነው የሚወስነው።

ሰዎች «ይዋሻል» ለማለት ከሁሉ በላይ የሚይዙት ማስረጃ የታሪኩ መለዋወጥ ነው። ባለፈው ወር «ሦስት ነበሩ» አለ፣ ዛሬ «አምስት ነበሩ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ ስለ ኮሶቮና ቦስኒያ ስደተኞች የታተመ ጥናት ይህን መርምሯል። የራሱን ታሪክ በተለያየ ጊዜ እንዲናገር የተጠየቀ ስደተኛ፣ የሚያታልልበት ምክንያት ሳይኖረው፣ ዝርዝሩን ይለዋውጥ ነበር። ሕመሙ በጠናባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በሁለቱ ንግግሮች መካከል ጊዜው በረዘመ ቁጥር ልዩነቱ ይጨምር ነበር። የፈራ ሰው የጠመንጃውን አፈሙዝ ያስታውሳል እንጂ ሰው አይቆጥርም።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። ሱዳናዊት እናት «ታዕባና» ስትል አስተርጓሚው «ደክሞኛል ትላለች» ይላል፤ ቃሉ ግን ለድካምም ለሕመምም ይነገራል። የልብ ድካም፣ የራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት እያሉ የሚመላለሱ ሴቶች ምርመራቸው ንጹሕ ሲሆን «ምንም የለባትም» ይባላሉ። ምንም የለም ማለት ግን ላቦራቶሪው የሚያየው ነገር የለም ማለት ብቻ ነው።

ጥርጣሬ መሥሪያ ቤትን እንኳ እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት በአሜሪካ የሆነውን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚህ ሕመም ምክንያት ሙሉ ክፍያ የሚያገኙ የ2,100 የቀድሞ ወታደሮች መዝገብ ሲመረመር ከአራቱ የአንዱ ያህል ማስረጃው ጎደሎ ሆኖ ተገኘ። የ72,000 ሰዎች መዝገብ እንደገና እንዲታይም ታቀደ። 2,100ዎቹ በደንብ ሲጣሩ ግን ችግሩ የወረቀት መጓደል እንጂ ማጭበርበር እንዳልሆነ ራሱ መሥሪያ ቤቱ አስታውቆ ዕቅዱን በዚያው ዓመት ሰረዘ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ታማሚ በፍርሃት እንዳደረ አስቡት። ወረቀት በተሟላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ መታወቂያውን ኻርቱም ጥሎ የወጣን ሰው «ማስረጃህ የታል?» ማለት ምን ይጠቅመናል?

የያዕቆብ ዓይኖች

በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት እንባ አለ። የዩሱፍ ወንድሞች እርሱን ጉድጓድ ጥለው ማታ እያለቀሱ ወደ አባታቸው መጡ፤ ሸሚዙን የሐሰት ደም ቀብተው አቀረቡ። ያ የማስመሰል እንባ ነው። በዚያው ሱራ ውስጥ ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) ከሐዘን ብዛት ዓይኖቻቸው ነጡ። ያኔ «ዩሱፍን ስታነሳ ልትጠፋ ነው» እያሉ የወቀሷቸው እነማን ነበሩ? የራሳቸው ቤተሰቦች! የሐሰት እንባ ያፈሰሱት የእውነተኛውን ሐዘን ወቃሽ ሆኑ። ያዕቆብ የነቢይነት ማዕረግና ውብ ትዕግሥት እያላቸው ሐዘኑ አካላቸውን ጎዳው። «ኢማኑ ቢጠነክር አይታመምም ነበር» የምንል ሰዎች ይህንን ብናስተውል መልካም ነው። በሱረቱል ሑጁራትም አላህ (ሱ.ወ.) ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅና ነውርን እንዳንከታተል አዝዞናል። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው እኮ እንዲህ ያለውን ነው።

ቤተሰብ ዳኛ እንዲሆን አይጠበቅበትም። እውነት ይሁን ውሸት የሚመረምረው ባለሙያ ነው፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይልካል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እርስዎ በቤትዎ የሚያደርጉት ሌላ ነው። «ያን ቀን ምን ሆነ? ንገረን» ብለው አያስጨንቁት፤ ሲናገር ያዳምጡ። በሠርግ ላይ ጥይት ሊተኮስ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ቢቻል ተኩሱ ራሱ ቢቀር ይመረጣል፣ ለክረምቱ ነጎድጓድ እንኳ የሚደነግጥ ሰው በሰፈሩ አለና። ቁርኣን ይቀራለት፣ ሩቅያም ይደረግለት፤ ሩቅያ ሕክምናን አይከለክልም። «ጂን ነው» ብሎ የሚያስርና የሚገርፍ፣ ኪኒኑን የሚያስጥል ሰው ግን ወደ ቤትዎ አይግባ። ማታ ማታ ከቡና፣ ከጠንካራ ሻይና ከጫት ያርቁት። ጫት ቅሞ እንቅልፍ ያጣን ሰው ሕመምተኛ ነው ብለን የምንሳሳትበትም ጊዜ አለና ይህን አስቀድሞ ማየት ያዋጣል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። በመድኃኒት ቤት መስኮት በኩል ብዙ የሚጠየቀው ዲያዜፓም (ቫሊየም) ነው፤ ትራማዶልም ይከተለዋል። «የወንድሜ ነው፣ እንቅልፍ አጥቷል» የሚል ሰው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የለመደበትም ሊሆን ይችላል። ለእኔ መልሱ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፦ ያለ ማዘዣ አይሰጥም። ይህ ጭካኔ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እነዲያዜፓም ለድንጋጤው ሕክምና እንዳይሰጡ መክሯል። ለጥቂት ሌሊት ያስተኛሉ እንጂ ሕመሙን አያድኑም። ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ ብዙ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ሲቋረጡ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጡ ይችላሉ። ከትራማዶል ጋር ሲደባለቁ ደግሞ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ከጎረቤት የተዋሱትን ኪኒን ለልጅዎ አይስጡ። የለመደውም ሰው በራሱ ከማቋረጥ ይልቅ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ቀስ በቀስ ይቀንስ።

ለዚህ ሕመም ቀዳሚው ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው። መድኃኒት ሲያስፈልግ ሐኪሙ እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉትን ሊያዝ ይችላል፤ ጥቅማቸው የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በሳምንቱ «አልረዳኝም» ብሎ የሚጥል ብዙ ነው። በረመዳን ደግሞ የሚቋረጥ አለ። ሰውየው ሲያቋርጥ ራሱ ይዞራል፣ እንቅልፉ ይሸሻል፣ ያን ጊዜ ጎረቤት «ይኸው ጾም ሲመጣ ማስመሰሉ ባሰበት» ይላል። እነዚህ መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሰዓታቸው ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ሊዛወር ይችላል፤ ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሰርትራሊን ሆዱን የሚያቅለሸልሸው ሰው ከምግብ ጋር ቢወስደው ይቀልለዋል። ጾሙ ራሱ ሕመሙን የሚያከፋበት ከሆነ ለሕመምተኛ የተሰጠውን ፈቃድ አዋቂ ዓሊም ይጠይቅ። ወሏሁ አዕለም።