ፖሙን ንከሺው እንጂ አትጭመቂው
ዘጠኝ ምክር ለልጄ

ልጄ፣

ሥራ ይዘሽ ለብቻሽ መኖር ከጀመርሽ ወዲህ ቁርስሽ ዳቦ በሻይ፣ ምሳሽ ፓስታ፣ እራትሽም ደክሞሽ ስትገቢ እጅሽ ላይ የገባው ሁሉ እንደሆነ እናትሽ ነግራኛለች። የሆድ ድርቀት እያስቸገረሽ እንደሆነና ለዚሁ ብለሽ ማታ ማታ ጁስ ቤት ጎራ እያልሽ የፖም ጭማቂ እንደምትጠጪም ሰምቻለሁ። ለጤናሽ ማሰብሽ አስደስቶኛል። ነገር ግን የፖሙን ዋና ጥቅም ጁስ ቤት ጥለሽ ጣፋጩን ብቻ ይዘሽ እየወጣሽ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አክስትሽ ጉልበቴን የጨረስኩት በጤና ጣቢያ ሥራ ነው። እዚያ ካየሁትና ካነበብኩት ለአንቺ ይጠቅማል ያልኩትን ቆጥሬ ጽፌልሻለሁ።

1. ፖምን ምግብ ነው ብለሽ ብዪው፤ መድኃኒት ነው ብለሽ አትመኪበት።

እንግሊዞች በቀን አንድ ፖም ሐኪምን ያርቃል ይላሉ። አባባሉ እ.ኤ.አ. በ1866 በዌልስ በጽሑፍ ሲሰፍር፣ ሊተኛ ሲል ፖም የሚበላ ሰው ሐኪሙን እንጀራ ያሳጣዋል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ8,000 በላይ አዋቂዎች የሰጡትን መረጃ ይዘው ነገሩን መረመሩት። በየቀኑ ፖም የሚበሉት ሰዎች በትምህርት የገፉና ሲጋራ ብዙም የማያጨሱ ሆነው ተገኙ። ይህ ልዩነት በስሌት ሲስተካከል፣ ሐኪም ዘንድ መመላለሳቸው ከሌላው ሰው ያነሰ አልነበረም፤ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት የማይወስዱት ግን በመካከላቸው በጥቂቱ ይበዙ ነበር። ስለዚህ ፖም የበላ አይታመምም የሚልሽን አትመኚ። ጥሩ ምግብ ጤናን የሚያግዘው ከሌሎች ጥሩ ልማዶች ጋር ሆኖ፣ ዓመት ከዓመት ሳይቋረጥ ሲበላ ነው።

2. አሰር በሆድሽ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እወቂ።

ፋይበር የሚሉት አሰር ከዕፅዋት የሚገኝ፣ ሆዳችን ሊፈጨው የማይችለው የምግብ ክፍል ነው። አይፈጭም ማለት ግን አይጠቅምም ማለት አይደለም። ፖም ሁለቱንም ዓይነት አሰር ይዟል። አንደኛው በውሃ የማይሟሟው ነው፤ በልጣጩ በኩል ይበዛል፣ ሰገራን ያበዛል፣ አንጀትም ቶሎ እንዲገፋው ያግዛል። ሁለተኛው ፔክቲን የሚባለው የሚሟሟ አሰር ነው። ተልባ ተወቅጦ ውሃ ሲገባበት እንዴት እንደሚወፍርና እንደሚያሟልጭ ታውቂያለሽ። ፔክቲንም በሆድ ውስጥ ውሃ ይዞ እንደዚያው ይወፍራል። ማርማላታ እንዲረጋ የሚያደርገውም እሱ ነው። ምግቡ ሲወፍር ከጨጓራ የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ጥጋቡ ይቆያል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው።

የፔክቲን ሥራ እዚያ አያበቃም። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል። ባክቴሪያዎቹ ከእሱ ከሚሠሯቸው ነገሮች አንዱ ቡቲሬት ይባላል፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ይህ ነው። አሰር የማይበላ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ባክቴሪያዎችም ያስርባል።

3. ከነልጣጩ ብዪ።

መካከለኛ መጠን ያለው ፖም 180 ግራም ያህል ይመዝናል። ከነልጣጩ ሲበላ 4.4 ግራም ገደማ አሰር ይሰጣል፤ ከተላጠ ግን አሰሩ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ኩዌርሴቲን የሚባለውና ሌሎች ከዕፅዋት የሚገኙ ጠቃሚ ንጥረ ነገሮችም በብዛት ያሉት ልጣጩ ላይ ነው። ለእንግዳ ፖም ልጦ ማቅረብ ክብር ይመስለን ይሆናል፤ ለራስሽ ስትበዪ ግን ቢላውን አስቀምጪው። በሚወርድ ውሃ በእጅሽ እያሸሽ እጠቢው፤ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ ከዚያ ብዪው። ሳሙና አያስፈልገውም።

4. ንከሺው እንጂ አትጭመቂው።

ከምመክርሽ ሁሉ ይህን አጥብቀሽ ያዢልኝ። እ.ኤ.አ. በ1977 የብሪስቶል ሐኪሞች ለአሥር ጤነኛ ሰዎች ያንኑ ያህል ስኳር ያለበት ፖም በሦስት መንገድ አቀረቡ፦ አንድ ጊዜ ሙሉውን ፍሬ፣ አንድ ጊዜ ተፈጭቶ፣ አንድ ጊዜ ተጨምቆ። ውጤቱ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ጭማቂው ሙሉ ፍሬው ከሚፈጀው ጊዜ በአሥራ አንድ እጥፍ ፈጥኖ ተጠጣ። አጠገበ የተባለው ሙሉው ፍሬ ነው፤ የተፈጨው ከእሱ አነሰ፤ ጭማቂው ከሁሉም አነሰ። ከጭማቂው በኋላ ኢንሱሊን ከሙሉው ፍሬ ይልቅ ከፍ አለ፤ የደም ስኳርም ከጥቂት ቆይታ በኋላ ዝቅ ብሎ ወረደ።

ስኳሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሰውነት የተለያየ መልስ የሰጠው አሰሩ በመውጣቱ ወይም በመድቀቁ ነው። አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ለመሥራት ሦስትም አራትም ፖም ይጨመቃል፤ በብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው አሰር ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ነው። አሰሩ ከጭማቂ ቤቱ ገለባ ጋር ይደፋል። አንቺ አራት ፖም በአንድ ጊዜ ነክሰሽ አትጨርሺም፤ ጭማቂውን ግን በአንድ ትንፋሽ ትጠጪዋለሽ።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ከ187,000 በላይ የአሜሪካ ነርሶችንና የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ፖም፣ ወይንና ብሉቤሪ ሳይጨመቁ አዘውትረው በሚበሉት ዘንድ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ አነስ ብሎ ታየ፤ ጭማቂ በሚያዘወትሩት ዘንድ ግን ከፍ አለ። እንዲህ ያለ ጥናት ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ብሎ አይደመድምም። ቢሆንም ከብሪስቶሉ ሙከራ ጋር አንድ አቅጣጫ ስለሚያሳይ እኔ ለልጄ የምመክረው ይህንኑ ነው።

5. ኮሌስትሮል ለሚያሰጋቸው ሰዎች ንገሪልኝ፤ መድኃኒታቸውን ግን አታስጥያቸው።

ጉበት ሐሞትን የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ፔክቲን በአንጀት ውስጥ ሐሞቱን ይዞ ከሰገራ ጋር ስለሚያወጣው፣ ጉበት የጎደለውን ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሌስትሮላቸው በጥቂቱ ከፍ ያለ 40 ሰዎችን በቀን ሁለት ፖም ለስምንት ሳምንት አበሏቸው። ሰዎቹ ተመጣጣኝ ስኳር ያለበት የፖም መጠጥ ከጠጡበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ መጥፎ የሚባለው ኤልዲኤል ኮሌስትሮል ፖም በበሉበት ጊዜ ዝቅ አለ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ነው። የቀነሰው መጠን ግን መጠነኛ ነውና አጎትሽ ሐኪሙ ያዘዘለትን ኪኒን በፖም ልተካ ቢል አጥብቀሽ ተከራከሪው። ፖሙንም ይብላ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ።

6. ፖም ቢወደድብሽ አትዘኚ፤ የቤትሽ ምግብ ይበልጠዋል።

ከውጭ የሚገባው ፖም ዋጋው ለደመወዝተኛ የሚቀመስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከጨንቻ ደጋ የሚመጣው የአገራችን ፖም ስታገኚ እሱን ግዢ፤ ለገበሬውም ላንቺም ይበጃል። በየቀኑ ፖም ካልበላሁ ብለሽ ግን ራስሽን አታስጨንቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም በምግቡ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ አሰር ይመክራል። አንድ ፖም ከዚህ አንድ አምስተኛውን እንኳ አይሞላም። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ግን 15 ግራም ገደማ ይሰጣል። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን፣ ከነገለባው የተፈጨ የጤፍ እንጀራ፣ የገብስ ቆሎና በሶ ሁሉም የአሰር ምንጮች ናቸው። በጾም ወቅት የምንበላው ገበታ ሐኪም ያዘዘው ይመስላል።

ዴኒስ ቡርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በዩጋንዳ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ፣ አሰር የበዛበት ምግብ የሚበላው የገጠር ሰው በምዕራቡ ዓለም ሆስፒታሎችን በሚያጨናንቁት የአንጀት በሽታዎች እምብዛም እንደማይያዝ አስተውሎ ዓለምን ቀስቅሷል። ከእሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሙከራ፣ ሃያ ጥቁር አሜሪካውያንና ሃያ የደቡብ አፍሪካ የገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን የአፍሪካ ምግብ ሲበሉ ቡቲሬታቸው ጨመረ፤ ከአንጀት ካንሰር ስጋት ጋር የሚያያዙት ምልክቶችም ተሻሻሉ። አፍሪካውያኑ ሥጋና ስብ ወደበዛበት ምግብ ሲዞሩ ተቃራኒው ሆነ። ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት ነው። እኛ ደግሞ ሽሮውን የድሃ ምግብ ብለን እየናቅን በፉርኖ ዱቄት ዳቦና በብስኩት እየተካነው ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ አንቺ ከዚህ ውስጥ አትግቢ።

7. ቀስ ብለሽ ጨምሪ፤ ውሃም ጠጪ።

ዛሬ ይህን አንብበሽ ነገ በአንድ ቀን ሦስት ፖምና አንድ ሰሃን ባቄላ ብትበዪ ሆድሽ ይነፋል፣ ጋዝም ያስቸግርሻል። ባክቴሪያዎቹ አዲሱን ምግብ እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ፖም ወይም አንድ ጭልፋ ምስር ጨምሪ፤ ሲስማማሽ ከፍ አድርጊው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ውሃ ሳይጠጡ አሰር ማብዛት ድርቀቱን ሊያብሰው ስለሚችል ውሃ ከእጅሽ አይለይ።

8. ለሁሉም ሰው እንደማይስማማ አትርሺ።

በቀላሉ ሆዳቸው የሚታወክ ሰዎች አሉ፤ በፖም ውስጥ ያሉት ፍሩክቶስና ሶርቢቶል የሚባሉት ስኳሮች ቁርጠትና ንፋት ያመጡባቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ብላ ብለሽ አታስገድጂ። ጥሬ ፖም ሲበሉ አፋቸውንና ከንፈራቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች አለርጂ ሊሆን ይችላልና ይተዉት፤ ሐኪምም ያማክሩ። የስኳር ታማሚ ፖም መብላት ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ፖም ውስጥ 19 ግራም ያህል ስኳር ስላለ ከሌላው ምግቡ ጋር ይቁጠረው። ለሕፃናት ጥሬ ፖም በቁራጭ አትስጪ፤ ያንቃቸዋል። ቀቅለሽ አድቅቂላቸው ወይም በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቂላቸው። ፍሬውን ስትበዪ ዘሩን አታኝኪው፤ ሲደቅ ሳያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለበት። አንድ ሁለት ዘር ሳታኝኪ ብትውጪ ግን አትደንግጪ። ለአለርጂ ፌክሶፈናዲን የሚባለውን ኪኒን የምትወስዪ ከሆነ በውሃ ዋጪው፤ የፖም ጭማቂ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሰዋል።

9. ከነገ ጀምሪ፤ ምልክት ካየሽ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ጠዋት ከሻይሽ ጋር በዳቦ ፈንታ በሶ ወይም የገብስ ቆሎ ያዢ። ምሳሽን እሁድ ቀቅለሽ ባስቀመጥሽው ምስር ወይም በሽሮ አድርጊው። ከሰዓት በኋላ ብስኩት ሲያምርሽ አንድ ፍሬ ብዪ፤ ፖም ካለሽ ፖም፣ ከሌለሽ ብርቱካን ወይም ዘይቱና ይሁን። የጁስ ቤቱን ገንዘብ አጠራቅመሽ በሳምንቱ መጨረሻ ፍሬ ግዢበት። ፖሙ ፍሪጅ ውስጥ ብዙ ቀን ይቆይልሻል።

ድርቀቱ በዚህ ሁሉ ለሳምንታት ካልተሻለሽ፣ ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ፣ ያለ ምክንያት ከከሳሽ፣ ወይም ሆድሽ አጥብቆ ካመመሽ ጊዜ አትፍጂ፤ ተመርመሪ። እንዲህ ያለው ነገር በምግብ ብቻ አይያዝም፤ አፍረው በመደበቃቸው ዘግይተው የደረሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። አንቺ አትፈሪ፣ አታፍሪም ብዬ አምናለሁ።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ለልጆችሽም ከነልጣጩ መብላት የምታስተምሪ ያድርግሽ።

አክስትሽ