በአደራ ስለ ተቀመጠ ፈረስ አጠባበቅ

ከደሴ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በገራዶ ሜዳ የሰው ፈረስ በአደራ የተቀበለ ሁሉ እንደ ገንዘቡ ሊጠነቀቅለት ይገባዋል። ፈረስ ቀን በመስክ ሲሰማራ ጤናው ይጸናል፤ ነገር ግን በክረምት መውጫ በረግረግ አጠገብ ያደረ እንደ ሆነ ገዳዩ የፈረስ በሽታ ያሠጋዋል። በ1944 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የደቡብ አፍሪካው ሊቅ ዱ ቶይት እንዳስረዳው፣ ደዌውን የሚያስተላልፉት ከቢንቢ የሚያንሱ የሌሊት ነካሾች ናቸው። ስለዚህ በጊዜው ከማስከተብ ጋራ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ ማስገባት፣ ከወጣችም በኋላ ማሰማራት ያስፈልጋል። ጋጣው ደረቅ፣ ፋንድያውም በየማለዳው የሚጠረግ ይሁን። የፈረስ ጨጓራ ጠባብ ስለ ሆነ አስቀድሞ ውሃና ድርቆሽ ሰጥቶ፣ ገብሱን ከፋፍሎ ማብላት ይሻላል። ሹማምንትም ይህን ለጠባቂዎች ያስረዱ፤ በቸልታ ለሞተ የአደራ ፈረስ ምክንያት አይገኝለትምና።