የጎረቤታችንን እምነት በእውነት ማወቅ፦ ስለ እስልምና አጭር ትምህርት

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጎብዬና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተራርቀው አይኖሩም። በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በሐዘንና በደስታ ይጠራራሉ፤ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ የሁለቱም እምነት ተከታዮች የሚገኙበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በሠርግ ቀን ለየእምነቱ ለየብቻ ይታረዳል፤ ደስታው ግን የጋራ ነው።

ይሁን እንጂ አብሮ መኖር ብቻውን መተዋወቅ አይደለም። «ሙስሊም ጎረቤታችሁ ምን ያምናል?» ተብለን ብንጠየቅ፣ አንዳንዶቻችን በወሬ የሰማነውን እንደግማለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ «ያው አንድ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም ከእውነት ይርቃሉ። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው የእግዚአብሔር ትእዛዝ ስለ ባልንጀራችን እምነት በምንናገረውም ነገር ላይ የጸና ነው።

ሀ. አመጣጡ

«እስልምና» የሚለው የዐረብኛ ቃል ራስን ለፈጣሪ ማስገዛት ማለት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ በመካ ከተማ ተወለዱ። በሙስሊሞች እምነት መሠረት በ610 በሒራ ዋሻ ሳሉ በመልአኩ ጅብሪል (ገብርኤል) አማካይነት ቃል ይወርድላቸው ጀመር። መካ በዚያን ዘመን ብዙ ጣዖታት የሚመለኩባት ከተማ ስለ ነበረች፣ አንድ አምላክ ብቻ ይመለክ ማለታቸው ተቃውሞና ስደት አስነሣባቸው። በ622 ወደ መዲና ተሰደዱ፤ ይህም ሒጅራ የሚባለው ስደት የሙስሊሞች ዘመን መቍጠሪያ መነሻ ሆነ። በ632 ዐረፉ።

ከሒጅራው በፊት ግን የሀገራችን ስም ይነሣል። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው፣ በ615 ገደማ ከተከታዮቻቸው አንዳንዶቹ ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ ምድር መጡ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በንጉሡ ፊት ቆሞ ስለ ማርያምና ስለ ኢየሱስ ልደት የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል በቃሉ አሰማ፤ ክርስቲያኑ ንጉሥም ስደተኞቹን ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጠም።

ለ. እምነቱ

ሙስሊም በአንድ አምላክ፣ በመላእክት፣ በመጻሕፍት፣ በነቢያት፣ በመጨረሻው ቀንና በአምላክ ውሳኔ ያምናል። ቅዱስ መጽሐፉ ቁርኣን 114 ምዕራፎች አሉት፤ 19ኛው በማርያም ስም ይጠራል፤ በቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠራች ሴትም እርሷ ብቻ ናት።

ልዩነቱም በግልጽ መነገር አለበት። ቁርኣን ኢየሱስን (ዒሳን) ከድንግል የተወለደ መሲሕና ታላቅ ነቢይ ይለዋል፤ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን ግን አይቀበልም፤ በመስቀል መሞቱንም ይክዳል። ምሥጢረ ሥላሴም በእስልምና ተቀባይነት የለውም። እነዚህ ለእኛ የእምነታችን ልብ ናቸውና «ምንም ልዩነት የለንም» ማለት ሁለቱንም ወገን አለማክበር ነው።

ሐ. አምስቱ መሠረታውያን ተግባራት

የመጀመሪያው ሸሃዳ፣ ከአላህ በቀር አምላክ እንደሌለና ሙሐመድ መልእክተኛው እንደ ሆኑ መመስከር ነው። ሁለተኛው በቀን አምስት ጊዜ፣ ማለትም ሱብሒ፣ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብና ኢሻ የሚሰገደው ሶላት ነው። ሰጋጁ ፊቱን ወደ መካ ያዞራል፤ መካም ለጎብዬ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ እኛ ወደ ምሥራቅ ዞረን ስንጸልይ ጎረቤታችን ወደ ሰሜን ይሰግዳል።

ሦስተኛው ዘካ ነው። ከተወሰነ ልክ በላይ ሆኖ ዓመት ከሞላው ገንዘብ ከመቶ ሁለት ተኩል ለድኾችና ለተቸገሩ ይሰጣል። ማሽላን ከመሰለ እህል ደግሞ፣ ምርቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ፣ በዝናብ ከበቀለው ከዐሥር አንዱ፣ በወጪና በድካም በመስኖ ከለማው ከሃያ አንዱ ይወጣል። አራተኛው በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ከምግብና ከውኃ መከልከል ነው። ወሩ በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል። አምስተኛው፣ ዐቅም ላለው ሁሉ፣ በዕድሜ አንድ ጊዜ ወደ መካ የሚደረገው ሐጅ ነው።

መ. በወሎ ምድር

በወሎ እስልምና ሥር የሰደደው በትምህርትም ጭምር ነው። በራያ አና፣ በየጁ ዳና፣ በቃሉ ጌታ የታወቁ የትምህርት ቦታዎች ነበሩ። ሊቃውንቱ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የጻፏቸው መንዙማዎች የቋንቋችንም ቅርስ ናቸው።

ታሪካችን ግን ቍስልም አለበት። ከ1529 እስከ 1543 በዘለቀው የኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ብዙዎችም እምነታቸውን ተገደው ለውጠዋል። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገድደዋል። በግዳጅ የተገኘ እምነት እምነት አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ሃይማኖት በነፃነት እንጂ በኀይል እንዳይያዝ አስተምሯል፤ በዚያው ዓመት ኖስትራ ኤታቴ በተባለው መግለጫው ሙስሊሞችን በአክብሮት እንድንመለከት፣ ያለፈውን ጠብ ትተን ለመግባባት እንድንተጋ አሳስቧል።

ሠ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ስለ ሙስሊሞች ክፉ ወሬ ሲደርሰን፣ ከማስተላለፋችን በፊት ጎረቤታችንን ራሱን እንጠይቅ። በረመዳን ለሚጾመው ሰው ጾሙን እናክብርለት። እርሱም ስለ ክርስቶስ ሲጠይቀን ሳናፍርና ሳንሳደብ የምናምነውን እንንገረው። አንድ ወሬ በአንድ ቀን የሚያፈርሰው ጉርብትና የብዙ ትውልድ ድካም ነውና።

ለመወያያ፦
1. ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከምንናገረው ውስጥ እነርሱ ራሳቸው «እውነት ነው» የሚሉት የትኛውን ነው?
2. እስልምና ስለ ኢየሱስና ስለ ማርያም ከሚያስተምረው የሚያገናኘን ምንድር ነው? የሚለየንስ?
3. የሁለቱም እምነት ተከታዮች ባሉበት ቤተ ዘመድ ልጆችን መከባበርን እንዴት እናስተምራቸው?