የመስከረም አበባና የሁለት ዓመት ሕፃን እጅ፦ በሕፃናት ማቆያ ስለሚሠሩ ቀላል የእጅ ሥራዎች

መስከረም ሲጠባ በከተማ የሕፃናት ማቆያዎች ግድግዳ ላይ ከቢጫ ወረቀት የተቆረጠ አደይ አበባ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። አበቦቹ ብዙውን ጊዜ መንታ ይመስላሉ፤ ቅጠላቸው እኩል፣ መሐላቸው ክብ፣ ጠርዛቸውም ጥርት ያለ ነው። ከእያንዳንዱ ሥር የአንድ ሕፃን ስም ተጽፏል። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን በመቀስ ክብ መቁረጥ አይችልም። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ግልጽ እውነት ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ሕፃናት በአበባ ወቅት የሚሠሩት የእጅ ሥራ የማን ሥራ ሊሆን ይገባል የሚለውን ጥያቄ ይመለከታል።

ጥያቄው የማስዋብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። እናቲቱ ሥራ ላይ በምትውልበት ጊዜ ሁሉ ሕፃኑ የሚውለው በማቆያው ነው። ቀድሞ በጓሮ ጭቃ እያቦካ፣ ሣር እየነጨ ያሳልፈው የነበረውን ሰዓት አሁን በአንድ ክፍል ውስጥ ያሳልፋል። እጁ የሚነካው ነገር ሞግዚቷ የምታቀርብለትን ብቻ ይሆናል ማለት ነው።

አስቀድሞ ስለ ወቅቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጡ የሥራ መምሪያዎች የአበባ ወቅት የሚሉት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ነው፤ ጥንቸል፣ ቀለም የተቀባ እንቁላልና ቱሊፕ የሞሉባቸውም ስለዚሁ ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ደግሞ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ሲሆን፣ የአበባው ወቅት መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። በዕለታዊ ንግግር ግን የመስከረሙን ወቅት ፀደይ የሚሉት ብዙዎች ናቸው። መምሪያውን በቃል ብቻ የሚተረጉም ሰው ስለዚህ በሚያዝያ ቱሊፕ ሲያስቀባ ይገኛል። አደይ አበባ ራሷ የአቆጣጠሩን መስመር አትጠብቅም፤ በስሌቱ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በእንቁጣጣሽ ሜዳውን ታለብሳለች። በሌላ በኩል ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚጥልበት በቦረና ያለ ማቆያ የራሱ የልምላሜ ጊዜ አለው። ሕፃኑ በመስኮት የሚያየውና በእጁ የሚይዘው አንድ እንዲሆን፣ መርሐ ግብሩን የሚወስነው ከደጅ ያለው ተክል መሆን ይኖርበታል።

ወደ እጁ እንመለስ። ሕፃን በአንደኛው ዓመቱ ገደማ ትንሽ ነገርን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ማንሣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እርሳስን በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ወረቀት ይሞነጭራል፤ በሁለት ዓመቱ አካባቢ ቀጥ ያለ መስመር፣ በሦስት ዓመቱ አካባቢ ክብ መገልበጥ ይችላል። ቪክቶር ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ሥራው መሞነጫጨርን የሥዕል ዕድገት የመጀመሪያ ደረጃ አድርጎ ያስቀመጠው ሲሆን፣ አዋቂ የነደፈውን ቅርጽ ቀለም ማስቀባትንም አጥብቆ ነቅፏል። ሮዳ ኬሎግም በጣም ብዙ የሕፃናት ሥዕሎችን መርምራ ሃያ መሠረታዊ የሙንጭርጭር ዓይነቶችን ለይታለች። እኛ ወረቀት አበላሸ የምንልበትን ድርጊት ሁለቱም እንደ ሥራ ቆጥረውታል።

ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴ የተግባር ልምምድ ባደረግሁበት አንድ ማቆያ፣ ሞግዚቷ የአንድን የሁለት ዓመት ልጅ እጅ በእጇ ይዛ ኮላ ስታስቀባ ተመለከትሁ። ልጁ ፊቱን አዙሮ ወለል ላይ የወደቀ ቁራጭ ወረቀት ያያል። እንደለቀቀችው ወርዶ አነሣው፤ ቀደደው፤ ደግሞ ቀደደው። «እሱን ተወው፣ አበባህ እዚህ ነው» ብላ ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። በኋላ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ግን ቸልተኛ ሰው የሚሰጠው አልነበረም፦ «እናቶቹ ማታ ሲመጡ ‹ዛሬ ምን ሠራ?› ነው የሚሉኝ። የተቀዳደደ ወረቀት ባሳያቸው ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የዋልሁ ይመስላቸዋል።» በዚያች ሰዓት የምመልስላት አልነበረኝም። አበባውን ቆርጣ የምትጨርሰው ልጆቹ ሲተኙ፣ ምሳ መብላት በሚገባት ሰዓት እንደነበረም ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ሌላው አማራጭ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእንቁጣጣሽ የሚመጣው ቄጠማ፣ ጠርዙ ስለት የሌለው ለስላሳው ተመርጦ ከታጠበ፣ የሚቀደድ፣ የሚበተን፣ የሚጎዘጎዝ ነገር ነው። አደይ አበባን ነቅሎ በለሰለሰ ሊጥ ላይ መትከል ወይም በቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ማተም የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ያለ እርዳታ ይሠራዋል። ሊጡ ከስንዴ ዱቄት፣ ከውኃና ከጥቂት ዘይት በእሳት ላይ ተማስሎ የበሰለ ይሁን፤ ጥሬ ዱቄት ለሕፃን ሆድ አይስማማም፣ እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመረው ብዙ ጨውም ለሚቀምሰው ልጅ ጉዳት አለው። ስለዚህ ጨው ቀንሶ በየጊዜው አዲስ መሥራት ይሻላል። ስንዴ የማይስማማው ልጅ መኖሩንም ወላጅ መጠየቅ ይገባል። እርድ ቢጫውን፣ ቀይ ሥር ቀዩን ይሰጣል። ልብስ ላይ የነካ እርድ ግን በቀላሉ ስለማይለቅ አሮጌ ሸሚዝ ማልበስ ብልህነት ነው።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ጠበቅ ይላል። ከፍ ላሉ ልጆች የተለመደው ባቄላ፣ ሽምብራና በቆሎ በኮላ መለጠፍ ከሦስት ዓመት በታች ላሉት የመታነቅ አደጋ ስላለው ፈጽሞ መቅረብ የለበትም። ቅጠል ለመልቀም ወደ ግቢ ሲወጣም ጉሎ፣ አስተናግርና ቁልቋል አስቀድመው መለየት አለባቸው፤ የጉሎ ፍሬ ገዳይ መርዝ አለው፣ የቁልቋል ወተትም ዓይን ይጎዳል። ችቦ አስመስሎ ጭራሮ ማሰር የሚያስደስት ሥራ ቢሆንም፣ ደመራ የእምነት ሥርዓት ስለሆነ የተለያየ ሃይማኖት ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚውሉበት ማቆያ ወላጆችን ሳያማክሩ መጀመር አይገባም።

ከሁሉ በላይ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ የሚመስለኝ የቋንቋው ጉዳይ ነው። ቆነጠረ፣ ነከረ፣ ጨመቀ፣ ጠፈጠፈ፣ ነሰነሰ፣ ጎዘጎዘ፦ እነዚህ ሁሉ የእጅ ግሦች ናቸው። ትርጉማቸው በሥዕል አይገለጥም፤ እጅ ሲያደርገው ጆሮ መስማት አለበት። በፎቅ ቤት የሚያድግ ልጅ «ጎዘጎዘ» የሚለውን ቃል ከዓመት በዓል ውጭ የሚሰማበት ዕድል ጠባብ ነው። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ዕድሜ የተሰጠ የሚመስል የግሥ መልክ አለው፤ ቀደደ ቀዳደደ፣ በተነ በታተነ፣ ቆረጠ ቆራረጠ። ሕፃን አንድን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ አያደርግም፤ ይደጋግመዋል። ሞግዚቷ «ቀደድኸው፤ አሁን ደግሞ ቀዳደድኸው» ስትለው የሥራውንና የግሡን ድግግሞሽ አንድ ላይ ይሰማል። እጁን ይዛ ኮላ ስታስቀባው ግን የምትናገረው በአብዛኛው «ዝም ብለህ ያዝ» ነው። በሁለቱ ዓይነት ሥራዎች ወቅት ለሕፃናት የሚነገሩ ግሦችን ቀድቶ ማነጻጸር በመስኩ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች የተከፈተ ርእስ ነው።

የእንቁጣጣሽ ልማድ ራሱ ይህን መንገድ አይቃረንም። ሴቶች ልጆች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ፣ ወንዶች የሣሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ፣ የሚሰጡት በእጃቸው የለቀሙትንና የሣሉትን ነው። የሁለት ዓመት ልጅም ሊሰጥ የሚችለው እጁ የደረሰበትን ያህል ነው። በዚህ ዕድሜ ወንዱን ለሥዕል፣ ሴቷን ለአበባ መለየት ግን ምክንያት የለውም።

የወላጆቹ ጥያቄ ይቀራል። ልምምዴ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ከሞግዚቷ ጋር ተስማምተን ግድግዳው ላይ የተቀደደ ቄጠማና የታተመ አበባ እንዳለ ለጠፍን፤ ከሥሩም ልጁ ያደረገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍን። «ዛሬ ቄጠማውን ቀዳደደ፣ በታተነ፣ ከዚያም ጎዘጎዘበት» ይላል አንዱ። እናቱ ማታ መጥታ አነበበችውና ትንሽ ዝም አለች። ከዚያም ጎንበስ ብላ «እስቲ አሳየኝ» አለችው። እሱም ከወለሉ አንድ ዘለላ አንሥቶ ቀደደላት።