ስለ ጨውና ስለ እንቅርት

ጨው የማይገባበት ወጥ የለም። ድኻም ሆነ ባለጸጋ፥ ሁሉም በገበታው ላይ ይሻዋል። በቀድሞ ዘመን ከአፋር በረሃ በግመል ተጭኖ የሚመጣው ጨው ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ ይሸጥ ነበር፤ አሞሌ ጨውም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ከማርትሬዛ ብር ጋራ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር። አባቶቻችን ጨውን በዋጋው መዘኑት፤ እኛ ደግሞ በጤና ልንመዝነው ይገባናል። ይህም በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው በውስጡ ምን እንዳለ፥ ሁለተኛው ምን ያህል እንደምንበላ ማወቅ ነው።

በአንገታችን ፊት፥ ከማንቁርት በታች፥ በቢራቢሮ መልክ የተሠራች አንዲት ዕጢ አለች። ይህች ዕጢ ለሰውነት ዕድገትና ለአእምሮ የሚያስፈልገውን ሆርሞን የምታዘጋጀው አዮዲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አዮዲን በባሕር ውስጥ ይገኛል፤ በደጋ አገር ግን የብዙ ሺሕ ዓመት ዝናምና ጎርፍ ከአፈሩ አጥቦ ስለ ወሰደው፥ በዚያ የሚበቅለው ገብስና ባቄላ አዮዲን ያንሰዋል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ የሚኖር ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባውም ስለዚህ ነው። ዕጢዋ አዮዲን ሲጎድልባት ያላትን ለማብቃቃት ስትደክም ታብጣለች፤ እብጠቱም እንቅርት ይባላል። እንግዲህ እንቅርት የእርግማን ምልክት አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ መስሎ የሚታየውም፥ ብዙ ጊዜ አንድ ቤት የሚበላው አንድ እህልና አንድ ጨው ስለ ሆነ ነው።

ከአንገቱ እብጠት ይልቅ የሚያሳዝነው በዓይን የማይታየው ጉዳት ነው። እርጉዝ ሴት አዮዲን እጅግ ቢጎድልባት፥ በማኅፀን ያለው ሕፃን አእምሮው በሚገባ ሳይጠነክር ይወለዳል፤ አንዳንዱም መስማትና መናገር ይሳነዋል። እኔ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ አንገቱ ያበጠ ጓደኛ ነበረን፤ ቃል አልያዝ ሲለው እንስቅበት ነበር፥ ስለ ስንፍናውም ይገረፍ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ስለዚህ አስተማሪዎች ሆይ፥ ትምህርት የሚዘገይበትን ልጅ ሰነፍ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ አስቀድሞ አንገቱን ተመልከቱ፤ የሚበላውንም ጠይቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንዲወሰድ ወላጆቹን ምከሩ።

መከላከያው ቀላል ነው። የተራራ አገር የሆነችው ስዊስ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1922 ጀምራ በጨው ላይ አዮዲን እየጨመረች እንቅርትን ከሕዝቧ አራቀች። በአገራችንም ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበረ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን በ89ኙ ተገኘ። ሆኖም አዮዲን ተገኘበት ማለት በቂ ነው ማለት አይደለም፤ በፀሐይ፥ በርጥበትና በሙቀት ይቀንሳልና። ስለዚህ፤

1ኛ፤ ጨው ሲገዛ በማሸጊያው ላይ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈውን መምረጥ ነው። ማንበብ የምትችሉ ሽማግሌዎች ለማያነብ ጎረቤታችሁ አንብቡለት።
2ኛ፤ ጨውን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፥ ከምድጃና ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ ነው።
3ኛ፤ ጨውን አለማጠብ፥ ወደ ወጥም ሊወጣ ሲል መጨመር ነው።

ጨው እንዲህ ከጠቀመ ብዙ እንብላ የሚል ሰው ቢኖር ግን ይሳሳታል። ጨው ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱም ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፥ የአንጎልንም ደም ሥር በጥሶ ወይም ዘግቶ ሰውን በድንገት ሽባ ያደርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እኛ ግን በወጥ ከምንጨምረው ሌላ፥ በበርበሬና በሽሮ ውስጥ ጨው አለ፤ በገጠርም ቡናን በጨው የሚጠጣ አለ። በሱቅ በትንንሹ ተጠቅልሎ የሚሸጠው የወጥ ማጣፈጫም ብዙ ጨው ስላለበት፥ እርሱ ሲገባ ጨው መቀነስ አለበት።

ጥቂት ጨው በቂ መሆኑን በሒሳብ አሳዩ። በ1 ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊ ግራም አዮዲን ቢኖር፥ በ5 ግራም ውስጥ 150 ማይክሮ ግራም ይገኛል፤ ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ለእርጉዝ ሴት ግን 250 ስለሚያስፈልጋት፥ የሐኪም ምክር ትጠይቅ እንጂ ጨው አታብዛ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፥ እንቅርትን ስንሸሽ በደም ግፊት ላይ እንዳንወድቅ እንጠንቀቅ።

ጥያቄ።
1. በደጋ አገር አፈር ውስጥ አዮዲን ያነሰው ስለ ምንድር ነው?
2. አዮዲን ማጣት ከእንቅርት ሌላ በሕፃን ላይ ምን ጉዳት ያመጣል?
3. በቤታችሁ ያለው ጨው አዮዲን አለበትን? በምን ዕቃስ ይቀመጣል? አይታችሁ ነገ ንገሩ።