የመሣሪያ ስለትና የበሬ ጫንቃ

የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዝ የታወቀ ነው። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ እግር ይይዛል። ስለዚህ ለእርሻ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ጊዜ የአንድ በሬ ጫንቃ ቢቆስል ጥማዱ ይፈታል። በሰኔ ያልታረሰ መሬት በመስከረም አይታረስም።

የበሬን ጫንቃ ከሚያቆስሉት ነገሮች አንዱ ሻካራ ቀንበር ነው። ታዲያ ቀንበር የሚሻክረው ለምንድን ነው? እንጨቱ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዋንዛም ቢሆን በዱልዱም መሣሪያ ከተጠረበ ይሻክራል። ስለታም ብረት የእንጨቱን ጅማት ይቆርጣል፤ ዱልዱም ብረት ግን ይቦጭቀዋል። የተቦጨቀ እንጨት ስንጥር ያወጣል። ስንጥሩም ቀኑን ሙሉ ጫንቃውን ሲፈገፍግ ይውላል።

ዱልዱም መሣሪያ ሰውንም ይጎዳል። አንዳንዶች፣ «ስለታም መሣሪያ ይቆርጣል፤ ዱልዱሙ ይሻላል» ይላሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጥረቢያው ሲዶለዱም ሰው ጉልበት ይጨምራል። ብረቱ እንጨቱን ሳይነክስ ነጥሮ ቅልጥም ላይ ያርፋል።

ስለት ምንድን ነው?

ስለት ማለት ሁለት ልሙጥ ገጾች የሚገናኙበት ጠርዝ ነው። መሮንና የመላጊያን ብረት እንመልከት። አንዱ ገጽ ተዳፋት ነው። ሌላው ገጽ፣ ማለትም ጀርባው፣ እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ብዙ ሰው ተዳፋቱን ብቻ ይስላል፤ ጀርባውን ይረሳዋል። ከሁለቱ አንዱ ከሻከረ ግን ጥሩ ስለት አይገኝም።

አሳሳሉ እንዴት ነው?

1. መጀመሪያ ድንጋዩን አስተካክሉ። ብዙ የተሳለበት ድንጋይ መሐሉ ይጎደጉዳል። በጎድጓዳ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት አይወጣም። ሁለት ድንጋዮች ወስዳችሁ በመሐላቸው አሸዋና ውሃ አድርጉና አፋትጓቸው። የላይኛውን ከታች፣ የታችኛውን ከላይ እያደረጉ ማፈራረቅ ይገባል። ሲያልቅ አሸዋውን እጠቡ።

2. የብረቱን ጀርባ በረጠበው ድንጋይ ላይ አስተኝታችሁ ስሉ። ጫፉ ዳር እስከ ዳር እኩል እስኪያበራ ድረስ አታንሱት።

3. ቀጥሎ ተዳፋቱን ስሉ። የተዳፋቱ ርዝመት የብረቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ይሁን። ብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ተዳፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማስመሪያ ከሌለ በስንደዶ መለካት ይቻላል። ተዳፋቱ በጣም ካጠረ ብረቱ አይገባም፤ በጣም ከረዘመ ስለቱ ቀጥኖ ይሸረፋል። ስትስሉ እጃችሁ አይወዛወዝ።

4. በጀርባው በኩል ቀጭን የብረት ልጣጭ ጣት እስኪይዝ ድረስ ስሉ። ልጣጩ ከዳር እስከ ዳር ከወጣ ተዳፋቱ በቅቶታል። አሁን ጀርባውን እንደገና አስተኝታችሁ ቀስ ብላችሁ ጥቂት ጊዜ ስሉት።

5. በመጨረሻ ሳንቃ ላይ በተወጠረ ቆዳ ጥረጉት። ብረቱን ወደ ኋላ ጎትቱት እንጂ ወደ ፊት አትግፉት፤ ቆዳውን ይቆርጠዋል።

ስለቱን በጣት አትሞክሩ። ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። ነጭ መሥመር ካበራ ገና አልተሳለም። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም።

ስለቱ የተሸረፈ እንደሆነስ? ወረታ ከተማ ወስዶ በኤሌክትሪክ መሳያ የሚያስል ሰው ይጠንቀቅ። ቀጥቃጩ ብረቱን በእሳት አግሎ ውሃ ውስጥ የሚነክረው ስለቱ እንዲጠነክር ብሎ ነው። መሳያው ብረቱን ካጋለው ያ ጥንካሬ ይጠፋል። ምልክቱ ጫፉ ወደ ሰማያዊ መለወጡ ነው። ስለዚህ ብረቱ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ይነከር።

የመላጊያ አስተካከል

የመላጊያው ብረት ቢሳልም በደንብ ካልገባ አይሠራም። መላጊያውን ገልብጡና በሆዱ ላይ አሻግራችሁ እዩ። ስለቱ በፀጉር ውፍረት ያህል ብቻ፣ በግራም በቀኝም እኩል ብቅ ይበል። ከዚያ ሽብልቁን አጥብቁ። እንጨቱ እየተቦጨቀ ካስቸገረ በጅማቱ ተቃራኒ እየላጋችሁ ነውና እንጨቱን አዙሩት።

ቀንበር ጫንቃ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ግን ጎበጥ ያለ ነው፤ መላጊያ አይደርስበትም። እሱን በስለታም መጥረቢያ ከጠረቡ በኋላ በተሳለ ቢላዋ መፋቅ ነው። በመጨረሻ መዳፋችሁን አሳልፉበት። መዳፍ የያዘው ስንጥር የበሬውንም ጫንቃ ይይዛል።

ክረምት ብረት ያዝጋል። ዝገት ደግሞ ስለት ይበላል። ከሥራ በኋላ መሣሪያውን አድርቃችሁ ጨው ያልነካው ሞራ ቀቡት። ልጅ በማይደርስበት ቦታም ስቀሉት። ይህን ሁሉ ዝናብ ሳይጀምር፣ በሚያዝያ ብታደርጉት በሬዎቹ ለእርሻ ሲጠመዱ ቀንበሩ ዝግጁ ይሆናል።

ጥያቄዎች

1. ዱልዱም መሣሪያ ከስለታም መሣሪያ ይበልጥ አደገኛ የሆነው ለምንድን ነው?
2. የብረት ጫፍ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ምን ሆነ ማለት ነው?
3. በቤታችሁ ያለውን የመሮ ውፍረት ለኩ። ተዳፋቱ ስንት መሆን አለበት? ሂሳቡን በደብተራችሁ ጻፉ።